«ሽሯል» የምትለው ቃል

የጤና ጣቢያዋ ቁስል አጣቢ በዕድሜዋ ሙሉ «ሽሯል» ስትለው የከፋው ሰው አይታ አታውቅም። ፋሻውን ትፈታለች፣ ቁስሉን ታያለች፣ «ሽሯል» ትላለች። ባለቁስሉ «እሰይ» ይላል፤ እሷም «እሰይ፣ እንግዲህ አትምጣ» ብላ ትሸኘዋለች። ለእሷ ቃሉ የደስታ ቃል ነበር፣ አለቀ።

ይህችን ሴት ነው እንግዲህ የምርጫ አስፈጻሚ ያደረጓት። እጇ ፈጣን ነው ብለው። ጦሱ የመጣውም ከዚያው ከፈጣን እጇ ነው። ሐኪሙ ሳይደርስ ፋሻ ፈትቶ መጠበቅ ልማዷ ነዋ! ድምፅ መስጠቱ እንዳበቃ ታዛቢዎቹ ውሃ ሊጠጡ ወጣ አሉ። እሷ ደግሞ ሲመለሱ እንዳይጉላሉ ብላ የሳጥኑን ማኅተም በመቀሷ ቆረጥ አደረገችው። ሳጥኑን አልከፈተችም፤ ግን ማን አይቷት? ሲቆጠር ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች ብረት በያጁ አብሮ አደጓ ባለወፍጮውን በጥቂት ድምፅ አሸነፈው።

ባለወፍጮው ቅሬታውን እዚያው ምርጫ ጣቢያው ላይ አስመዘገበ። ከዚያ ለምርጫ ጽሕፈት ቤቱ አመለከተ፤ ጽሕፈት ቤቱ ውጤቱን ሲያጸናው ደግሞ ፍርድ ቤት ሄደ። እሷም ለምስክርነት ተጠራች። ነገሩ የዞረባት ያኔ ነው።

«ማኅተሙን ማን ቆረጠው?» አሏት ዳኛዋ።

«እኔ ነኝ።»

«ሲቆርጡት ያየ አለ?»

«የለም። ግን የተሰረቀ ነገር የለም፣ ክብርት ዳኛ። ካላመናችሁኝ እንደገና ይቆጠር።»

«በመሀል የገባ ወረቀት ካለ አብሮ ነው የሚቆጠረው። ተሰርቋል አላልንም። አልተሰረቀም ለማለት ግን ከእርስዎ ቃል በቀር ምንም የለንም።»

ካልተሰረቀ ታዲያ ምኑ ነው የሚፈረድበት? ይህን ስታወጣ ስታወርድ ውሳኔው መነበብ መጀመሩን እንኳ ልብ አላለችም። ዓይኗ አብሮ አደጓ እጅ ላይ ነበር። ብየዳ ያቃጠለውን እጁን በየቀኑ የምታጥብለት፣ ፋሻውንም ጠዋት የጠቀለለችለት እሷው ናት።

«...ስለዚህ ፍርድ ቤቱ የጣቢያውን ውጤት ሽሯል።»

«እሰይ» አለች።

አፏ ነው ያለው፣ ልቧ አላለም። ምርጫው ይደገማል መባሉ የገባት ሰው ሁሉ ዞሮ ካያት በኋላ ነው። አብሮ አደጓም ዞረ። ቢቆጣት በወደደች፤ እሱ ግን ግራ ገብቶት አያት። ላስረዳ ብትል ምን ብላ ታስረዳለች? አፈረች።

በማግስቱ መጣ። ሊሰናበታት ይሁን ሊታከም አላወቀችም። እጁን ዘረጋላት፤ ፋሻውን ፈታች። ቁስሉ ደርቆ አዲስ ቆዳ ለብሷል።

«እህ፣ እንዴት ነው?» አለ።

ያቺን ቃል ብትለው «እንግዲህ አትምጣ» ተከትላ ልትመጣ ነው።

«ገና ነው» አለች። «ነገም ና።»

እጁን አገላብጦ አየው። የዳነ እጅ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ቀና ብሎ እሷንም አያት።

«እሺ» አለና እጁን መልሶ ዘረጋላት። «በደንብ ጠቅልይው እንግዲህ።»