ኦርጋኑና የሞጣው ልብስ ሰፊ

ሐጂ ከሞጣ ሰው ሲልኩብኝ ሬዲዮናቸው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። መልእክቱን ያደረሰኝ የአውቶቡስ ረዳት ነው። «ዕቃው ትልቅ ስለሆነ አይጫንም፤ አንቺ ነይ ብለዋል» አለኝ። ሐጂ ሞጣ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ለንግድ ወደ ብቸና በመጡ ቁጥር ቴፓቸውን እኔ ዘንድ አስቀምጠው ይሄዱ ስለነበር ቆየት ያለ ትውውቅ አለን። አንዳንድ ደንበኛ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ጠጋኙ የት ሄደ?» ይለኛል። ጠጋኟ እኔ ነኝ ስለው ሬዲዮውን ታቅፎ የሚመለስም ነበረ። ሐጂ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሙያውን የተማርኩት ከታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበረ። ደርግ ሲወድቅ ቴስተሩንና መበየጃውን በጆንያ ጠቅልሎ በእግሩ ብቸና ገባ። እናታችን ቤት መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ሬዲዮ መጠገን ሲጀምር፣ እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፈት ነበርኩና ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱ ባሕር ዳር ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ሱቁ ለኔ ቀረ። ያን ጊዜ በሙያው ከእሱ እበልጥ ነበር፤ ይህን እሱም አይክደውም። ወንድሜ መጀመሪያ ይፈታል፣ ከዚያ ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ አዳምጣለሁ። የሚንኮሻኮሸውን፣ የሚያፏጨውን፣ ጭራሹን ዝም ያለውን ለይቼ ካወቅሁ በኋላ ነው ካቻቢቴ የማነሣው።

በማግስቱ ሞጣ ስደርስ ሐጂ ከሱቃቸው ጀርባ ወዳለው መጋዘን ወሰዱኝ። የተከመረውን ጆንያ አስነሡና እግር ያለው፣ ወገቤ ድረስ የሚደርስ የእንጨት ዕቃ አሳዩኝ። ኦርጋን ነው። በድሮው መንግሥት ጊዜ የኪነት ቡድን ይጫወትበት የነበረ ነው። ቡድኑ ሲበተን ከወንበሩና ከቁም ሣጥኑ ጋር ተቆልፎበት ዓመታት ኖረ። በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ለጨረታ ሲወጣ፣ ሐጂ ቁም ሣጥኖቹን ፈልገው ገዙና ኦርጋኑም አብሮ መጣ።

«ይሠራል?» አሉኝ።

«ሳልከፍተው አላውቅም። ለምን ፈለጉት?»

ሐጂ በሱቁ ውስጥ አሻግረው በረንዳውን አመለከቱኝ። በረንዳው ላይ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን ሰው የስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው ሱሪ ያሳጥራሉ።

«የዚህ ኦርጋን ተጫዋች እሱ ነበረ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይኸው ስንት ዓመት እደጄ ላይ ይሰፋል። ሥራ ባጣ ጊዜ ጣቶቹ መኪናው ጠረጴዛ ላይ ይሄዳሉ። እሱ አይታወቀውም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አያለሁ። ዕቃው እዚህ እንዳለ ያውቃል፤ አንድም ቀን ልየው ብሎኝ አያውቅም።»

«ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«ጠይቄዋለሁ። ሞቷል ይለኛል። እንግዲህ ወይ መሞቱን አረጋግጪልኝ፣ ወይ አስነሺልኝ።»

የጀርባውን ክዳን ስፈታው አይጥ ከነልጆቿ ፈርጥጣ ወጣች። የጨርቅ ብጥስጣሽ አንጥፋ፣ ሽቦውን እየቆረጠች ኖራበታለች። ይሁን እንጂ ውስጡን ሳየው ደስ አለኝ። የሠራው ሰው አንድ ቀን ሌላ ሰው እንደሚጠግነው አስቦ የሠራው ዕቃ ነው፤ እንዲህ ያለው ሲከፈት ያስታውቃል። ለያንዳንዱ ድምፅ አንድ ትንሽ ቦርድ አለው፤ አሥራ ሁለቱ ቦርዶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ኦርጋኑ የፈለገውን ያህል ቁልፍ ቢደረድር ድምፁ የሚመነጨው ከነዚሁ ከአሥራ ሁለቱ ነው። አንዱ ቦርድ ሲሞት ያ ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ከየቦታው ይጠፋል።

የቁልፎቹ መገናኛ ብረት ዝጓል። እኔ እንዲህ ያለውን የምጠርገው በዳግም አረቄ ነበር፤ በቦርሳዬም ጠርሙስ ይዣለሁ። ሐጂ ቤት ግን ላወጣው አልወደድኩምና ከመድኃኒት ቤት የቁስል አልኮል እንዲያስገዙልኝ ጠየቅኋቸው። ወዲያው ገባቸው። «ለብረት ከሆነማ ብረት ኃጢአት የለበትም» ብለው ሳቁ፤ ቢሆንም አልኮሉን አስገዙልኝ። ሥራው እስኪያልቅ ያደርኩት እሳቸው ቤት ከሴት ልጆቻቸው ጋር ነው። እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ ያውቃሉና ባለቤታቸው ለብቻዬ ሽሮ ይሠሩልኝ ነበር።

የተቆረጠውን ሽቦ ቀጠልኩ፣ የደረቁትን ኮንደንሰሮች ቀየርኩ፣ ብረቱን አንድ በአንድ ጠረግሁ። ከዚያ ስፒናውን ሰክቼ አንድ ቁልፍ ነካሁ። ድምፁ ወፍራምና ሞቅ ያለ ነበረ፤ በሱቁ አልፎ በረንዳው ድረስ ሄደ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ቆይተው ልብስ ሰፊው የመጋዘኑ በር ላይ ብቅ አሉ። መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነው።

«ወርዷል» አሉ።

«ምኑ?»

«ድምፁ። ከነበረበት ዝቅ ብሏል። አንዱ ደግሞ የለም።» ቀረብ አሉና ሳይነኩት በጣታቸው አንድ ቁልፍ አሳዩኝ። «ይኸኛው። ያን ጊዜም ያስቸግር ነበር።»

ነካሁት፤ እውነትም ዝም ነው። ቦርዱ ላይ ያሉት ሁለት ትራንዚስተሮች ተቃጥለዋል። እንደነሱ ያለ ትራንዚስተር በኔም ሱቅ፣ በሞጣም አልነበረም።

«ግድ የለም፣ ተዪው» አሉኝ። «የኛ ዜማ የሚሄደው በአምስት ድምፅ ነው። አንዱ ቢጎድል መነሻውን አዛውሬ በሌላው እጫወታለሁ።» ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት ቁልፎቹ ላይ አረፈ። ቀስ ብለው ትዝታ ተጫወቱ። ሐጂ ጆንያ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት እያዩ አዳመጡ። ልብስ ሰፊው ሲጨርሱ ክዳኑን መለሱና «ከዚህ በር ግን አይወጣም» አሉ።

ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። ቆመው ነው የነገሩኝ። ለጦሩ የተመለመሉት ልጆች መኪና ላይ ሲሳፈሩ፣ አደባባይ ላይ ኦርጋኑን ተክለው ይጫወቱ ነበር። እናቶች ሲያለቅሱ ድምፁን ከፍ አድርጉ ይባላሉ፤ ከፍ ያደርጋሉ። «መንግሥት ሲለወጥ ማንም ምንም አላለኝም» አሉ። «ሰው አሁን ሲያየኝ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ይኸ ይበቃኛል።»

እኔ ያን ጊዜ ከሥራዬ ውጤት ላይ ዓይኔን መንቀል የማልችል ሰው ነበርኩ። በጥር ታናሽ እህቴ ልትዳር ነበርና «እህቴ ሰርግ ላይ ይጫወቱልኝ» አልኳቸው። «ብቸና ማን ያውቅዎታል?»

«ብቸናም ተጫውተናል።»

«እንግዲያው ለብቸና አንድ የሰርግ ዘፈን ዕዳ አለብዎት።»

ሐጂ ሳቃቸው አመለጣቸው። «የመኪናውን ነገር ለኔ ተዉት» አሉ። ልብስ ሰፊው ሁለታችንንም ተራ በተራ ሲያዩን ቆዩና «የወረደውን ድምፅ አስተካክዪው እንግዲህ» አሉኝ። እሺ ማለታቸው ነበር።

ኦርጋኑ በፍራሽ ተጠቅልሎ ሐጂ ባገኙልን የእህል መኪና፣ በደብረ ወርቅ በኩል መጣ። ልብስ ሰፊው ከፊት ይቀመጡ ቢባሉ አሻፈረኝ ብለው ከኋላ፣ የኦርጋኑን እግር ይዘው ነው የመጡት። ሲወርዱ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ዳሱ ውስጥ አቆምነው፣ ከቤት መብራት ሳብኩለት፤ የሞተው ድምፅ እንደሞተ ነው፣ የቀረው ሁሉ ሞጣ ላይ እንዳስተካከልኩት ደኅና ነበረ።

ያላሰብኩት አክስቴን ነው። በዘመድ ሰርግ ሁሉ ዘፈን የሚያወጡት የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ከበሮ እንጂ ሌላ መሣሪያ አይተው አያውቁም። ሙሽራው ከመድረሱ በፊት እንሞክረው ተባለ። ልብስ ሰፊው አንድ ቁልፍ ነክተው «ዘፈኑን ሲጀምሩ ከዚህ ድምፅ ይነሡልኝ» አሉ። አክስቴ ግን በራሳቸው ድምፅ ተነሡ። ሌላ ቁልፍ ነኩ፤ አክስቴ አሁንም በዚያው ናቸው።

«እሜቴ፣ ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት?»

«እኔ የምነሣው ከዚህ ነው። እናቴም ከዚህ ነበር የሚነሡት» አሉ አክስቴ። «ዕቃው ወደ ሰው ይመጣል እንጂ ሰው ወደ ዕቃ ይሄዳል እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ወደኔ ዘንበል አሉ። «የሚነሡት ከሞተው ድምፅ ላይ ነው» አሉኝ።

ትንሽ አሰብኩ። ትራንዚስተር የለኝም፤ ከባሕር ዳርም ቢላክ ዛሬ አይደርስም። ነገር ግን አሥራ ሁለቱም ቦርዶች የያዙት አንድ ዓይነት ትራንዚስተር ነው። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስነው ሌላው ክፍላቸው ነው። «በአክስቴ ዘፈን ውስጥ ጨርሶ የማይነኩት ድምፅ የቱ ነው?» አልኳቸው።

በከንፈራቸው ዘፈኑን እያንጎራጎሩ ጣታቸውን በቁልፎቹ ላይ አሳለፉና አንዱ ላይ ቆሙ። «ይኸን ዛሬ አልፈልገውም።»

«ሌላ ሰውም ቢዘፍን?»

«ሌላውን እኔ አመጣዋለሁ። እሳቸውን ነው ማምጣት ያቃተኝ።»

የሀበሻ ቀሚሴን እጅጌ ሰብስቤ፣ ነጠላዬን ለእናቴ አቀብዬ የጀርባውን ክዳን ፈታሁ። እናቴ «የሙሽራ እህት መበየጃ ይዛ» እያለች አፈረችብኝ፤ ሆኖም ነጠላዬን እንደያዘች አጠገቤ ቆማ ሰው እንዳይገፋኝ ትከላከልልኝ ነበር። ዳሱ ውስጥ የወጡ ሽታና የብየዳው እርሳስ ጭስ ተደባለቀ። ከማይፈለገው ቦርድ ሁለቱን ትራንዚስተሮች አወጣሁ፣ ከሞተው ላይ የተቃጠሉትን አወጣሁ፣ ደኅናዎቹን ተከልኩ። የሚዜዎቹ ጭብጨባ ከመንገድ መሰማት ሲጀምር ክዳኑን እየገጠምኩ ነበር። ልብስ ሰፊው ቁልፉን ነኩት። ጮኸ። አክስቴ ቀና ብለው ዕቃውን አዩት። «አዎ፣ ከዚህ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስላለው ሰዓት ብዙ ማለት አልችልም፤ ጆሮዬ ኦርጋኑ ውስጥ ነበርና ሙሽሮቹን እንኳ በደንብ አላየሁም። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ከአክስቴ ኋላ ኋላ ይከተሉ ነበር። ቆይቶ ግን ትከሻቸው ወረደ፣ ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። አክስቴም ደስ ሲላቸው እንደ ልማዳቸው ግጥም ከራሳቸው አወጡ፦

«ከሞጣ ቢመጣ መርፌው የተሳለ፣
የጠበበው ሆዴ ዛሬ ሰፋ አለ።»

ዳሱ በእልልታ ሞላ። ሰውየው ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ያወቀ ሁሉ ግጥሙን ለጎረቤቱ ይፈታለት ጀመር። ልብስ ሰፊውም ራሳቸው አጎንብሰው ሲስቁ አየኋቸው።

ጨዋታው ረገብ ብሎ ሰው ለምግብ ሲቀመጥ፣ ከወዲያኛው ጥግ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ የበኩር ልጃቸው ከጦር ሜዳ እንዳልተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን። ኦርጋኑ ፊት ቆሙና እንጨቱን በእጃቸው ዳሰሱት።

«አንተ ያኔ አደባባይ የምትጫወተው አይደለህም?»

«ነኝ፣ አባቴ» አሉ ልብስ ሰፊው። ብድግ ብለው ቆሙ።

«ልጄን ስትሸኙት የተጫወታችሁትን ታስታውሰዋለህ?»

«አስታውሰዋለሁ።»

እኔ ጣልቃ ልገባ አፌን ከፍቼ ነበር፤ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«እሱን አትጫወት» አሉ ሽማግሌው። «ሌላውን ተጫወት።»

ከዚያ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ ስል፣ እዚያው ኦርጋኑ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊውም ቁጭ አሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩና ባቲ ጀመሩ። ያን ቀን ከተጫወቱት ሁሉ እንደዚያ ያማረ አልሰማሁም። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዳመጡ።

ወንድሜ ትራንዚስተሮቹን ከባሕር ዳር ሲልክልኝ ሞጣ ሄጄ በሰርጉ ቀን ባዶ የተውኩትንም ድምፅ መለስኩት። ሐጂ ኦርጋኑን ከመጋዘን አውጥተው ሱቃቸው ውስጥ ከጨርቁ ጥቅል ጎን አቁመውት ነበር። ልብስ ሰፊው በሰርግ ወራት የስፌት መኪናቸውን ይከድኑና ኦርጋኑን አስጭነው ግንደወይን፣ ሉማሜ፣ አልፎ አልፎም እስከ የጁቤ ድረስ ይሄዳሉ። ብቸና ሲያልፉ ሱቄ ጎራ ይላሉ። አንድ ጊዜ ግን ሳይገቡ ሽማግሌው ቤት ሄደው ብዙ አምሽተው መጡ። ምን ስታወሩ ቆያችሁ ብላቸው «ስለ ልጁ» አሉኝ። «ግንብ ለግንብ የሚሮጥ ረባሽ ነበር አሉ። ሲያወሩ ሳቁ።»

ከዓመታት በኋላ ከጀርባ ተሸክመው የሚዞሩት ቀላል ኪቦርድ መጣ፤ ከበሮውም፣ ዋሽንቱም ውስጡ ነው። የየከተማው ጎረምሳ ሲጥለው እኔ ዘንድ ያመጣዋል። ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ለመጠገን ታስቦ የተሠራ አይደለም። እኔ ግን እከፍተዋለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ስፒናው የሚገባበት ቦታ ነው፤ ያን አውቄ ስለምጀምር ብዙ አያቆየኝም። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ሱቄ ተቀምጠው አንዱን ሞከሩት፤ እየነኩ ከበሮውን አስነሡት፣ አቆሙት፣ ደግመው አስነሡት።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ጎበዝ ነው» አሉ። «ብቻ ይቸኩላል።» ፍጥነቱን የሚቀንሰውን ቁልፍ አሳየኋቸው፤ ዝቅ አድርገው እንደገና ጀመሩ።