የማይንሿሿው ፍሬ

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ከገጠር አምጥቼ መካነ ሰላም ከተማ እኔ ዘንድ አስቀመጥኳቸው። አስቀመጥኳቸው እላለሁ እንጂ ሰውዬው መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱና ሲያጭዱ ኖረው፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሙቁ ሲባሉ የታሰሩ መሰላቸው። ቁርስ በቀረበ ቁጥር «እንግዲህ ለመስቀል ወደ ቤቴ ነኝ» ይሉኛል። ቤታቸው ባዶ ነው። ወድቀው ቢያድሩ ማን ያነሳቸዋል?

አንድ ቀን የገዛሁትን ማገዶ ሲፈልጡ ግንዱ ላይ የተጣበቀች ተክል አገኙ። ቅጠሏ ወፍራም፣ ሥሯ አፈር የማያውቅ። ስልኬ ላይ ፈልጌ ኦርኪድ የምትባል ዛፍ ላይ የምታድግ አበባ መሆኗን ነገርኳቸው። «ምንም ትሁን፣ ጥገኛ ናት፤ አትሙት» ብለው ግቢያችን ካለው የኮክ ዛፍ ጋር በጨርቅ አሰሯት። መስከረም ላይ አበበች፤ ከአበቦቿም አንዷ ጣት የምታህል አረንጓዴ ፍሬ ያዘች።

«ዘር ይዛለች!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «ዘሯን ሳልሰበስብማ አልሄድም።»

መስቀል አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጆሯቸውን አስጠግተው ፍሬዋን በጥፍራቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ተልባ ሲደርስ ዘሩ በፍሬው ውስጥ ይንሿሿል፤ እሳቸው የሚያውቁት መድረስ ይኼ ነው። «ገና ናት» ይላሉ። እኔም በልቤ ተመስገን እላለሁ።

ችግሩ የኦርኪድ ፍሬ ፈጽሞ እንደማይንሿሿ ማንበቤ ነው። ዘሯ ብናኝ ነው። ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ስትዞር ካልተቆረጠች ጎኗ ተሰንጥቆ ንፋስ ይወስደዋል፤ ቀድማ ከተቆረጠች ደግሞ ዘሯ አይበቅልም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ጫፏ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም በጎኗ ቀጭን መስመር ታየ። አባቴ አሁንም ጆሯቸውን አስጠግተው «ገና ናት» አሉ። ዝም ብል አባቴ ይሰነብቱልኛል፤ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቋት ዘር በንፋስ ስትሄድ ማየት አልቻልኩም።

«አባባ፣ ደርሳለች። ዛሬ ይቁረጧት።»

«ድምፅ አላወጣችም እኮ!»

«አታወጣም። ይመኑኝ።»

እየተጠራጠሩኝ ቆረጧት። ነጭ ወረቀት ላይ ከፈት ሲያደርጓት ከሽሮ ዱቄት የላመ ነገር ፈሰሰ። ትንፋሻቸውን ያዙ። «ይኼ ነው ዘር? ዓይን እንኳ አያየውም!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቶ ነበር። በስልኬ እንዳነበብኩላቸው የኮኩን ግንድ ቅርፊት አርጥበው፣ ብናኙን በእናት ተክሏ ሥር ዙሪያ በጣታቸው አሹት።

«መቼ ታብባለች?»

«ብዙ ዓመት ትፈጃለች አሉ። ለመብቀልም ገና ናት።»

እርጥቡን ቅርፊት በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ዘራን እንግዲህ፣ ልሂድ» የሚሉኝ መሰለኝ።

«አንቺ ቀን ቀን ቢሮ ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «ቅርፊቱ ሲደርቅ ማን ውኃ ሊረጭላት ነው? በይ አብሽሪ፤ ለጎረቤቶቼ ደውይና የጠፍር አልጋዬን በመኪና ይላኩልኝ። ይኼ የስፖንጅ ፍራሽሽ ወገቤን ጨርሶታል።»