ዱላው ደጃችን ሲቆም

ባለፈው ማክሰኞ የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ከመሐል ሜዳ በስልክ አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ደብረ ብርሃን ካለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የባቄላ እሸት እየፈለፈልሁ ነበር። መነጽሬን ፍለጋ ቤቱን ሁሉ አመስሁት፤ ለካ ግንባሬ ላይ ነው። ፎቶው ላይ አንድ ወፍራም የጽድ ግንድ ይታያል። ግንዱ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በምስማር ተመትቷል። «ደኑን ወደፊት የሚያስተዳድረው አካል እስኪወሰን ድረስ ወደ ውስጥ መግባትም ሆነ ብስክሌት መንዳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ንዴቱ። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር በወጣትነቴ፣ ያን ጊዜ በእጅ ተጽፎ፣ ምናልባትም እዚያው ግንድ ላይ አንብቤዋለሁ። ወደፊት ያስተዳድራል የተባለው አካል እስካሁን መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። እኔ ይኸው ፀጉሬ ሸብቷል፣ የቀኝ ጉልበቴ ብርዱ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል። እሱ ግን ገና ሊወሰን ነው።

ጽድ አፋፍ የምንለው ደን ከመንደራችን በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በደርግ ዘመን በዘመቻ ነው የተተከለው። አባቴ ጉድጓድ ከቆፈሩት አንዱ ነበር፤ በቁር እጁ ተሰነጣጥቆ ማታ ማታ ቅቤ ሲቀባው ትዝ ይለኛል። ደርግ ሲወድቅ የደኑ ባለቤት ጠፋ። ግብርና ጽሕፈት ቤቱ የቀበሌ ነው ይላል፣ ቀበሌው የወረዳ ነው ይላል፤ በመሐሉ መጥረቢያ ያለው ሁሉ የእኔ ነው አለና የደኑ የላይኛው ጎን በአንድ በጋ ተመለጠ። ይሄኔ የደብራችን አለቃ የነበሩት አለቃ ዘነበ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ደኑን በአባቶች ወግ ዘጉት።

ወጉ አገሬው ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ከጥንት ጀምሮ ሲጠብቅበት የኖረው ነው። እያንዳንዱ ቤት በተራው አንድ ቀን ሰው ያወጣል። ጠባቂው የሚይዘው አንድ የወይራ ዱላ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ደኑን ሲዞር ውሎ ሲመለስ ዱላውን ከቀጣዩ ቤት ደጃፍ ያቆመዋል። ደጁ ላይ ዱላ ቆሞ ያገኘ ሰው የማግሥቱ ጠባቂ ነው፤ ሌላ ጥሪ የለም። ተራውን የዘለለ ቤት ሣሩ በጥቂት ዓመት አንዴ ለአጨዳ የሚከፈትበት ቀን ማጭድ ይዞ አይመጣም። በዛፎቹ መካከል ባለው ገላጣ ላይ የሚበቅለው ሣር ደግሞ የመንደሩ ሁሉ የቤት ክዳን ነው።

ደኑ በተዘጋ በዓመቱ አባቴ ሞተ። ቤታችን የቀረነው እናቴ፣ ትንሿ እህቴና እኔ ነን። የጣሪያችን ሣር ከመጥቆሩ ብዛት እንደ ጥላሸት የሚፈርስ ሆኖ ነበር፤ በዚያ ክረምት ጋኑን፣ ገንቦውን፣ ምጣዱን ሳይቀር ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር ደርድረን፣ ባናችንን ተሸፋፍነን ጥግ ላይ ነው የከረምነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ወንድ የሌለበት ቤት ስለሆነ ተራው ይዝለላችሁ፣ ሣሩ ሲታጨድ ለነፍስ ብለን ጥቂት ሸክም እንሰጣችኋለን አሉ። በእርግጥ ደግነት ነበር። እናቴ ግን ወተት እንደ ገነፈለበት ድስት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ተራዬን ዝለሉልኝ አላልሁም» አለቻቸው። «ያልጠበቅሁት ሣር ቤቴን አይከድንም።»

ስለዚህ ጠባቂዋ እኔ ሆንሁ። የመሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ብስክሌቱ የመጣው ከጋሽ ይርጋ ነው። ጋሽ ይርጋ ገበያው ዳር የቻይና ብስክሌት የሚያከራዩ፣ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ ሰው ነበሩ። እኔና የክፍል ጓደኛዬ ደምሴ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲቱን ብስክሌት እየተፈራረቅን እንነዳ ነበር። የጋሽ ይርጋም ቤት ከተረኞቹ አንዱ ነው፤ በዚያ እግር ደግሞ ደን መዞር አይሆንላቸውም። የእኔንም ቀን ዙሪልኝና ብስክሌቱን ውሰጂ አሉኝ። የአባቴን ሱሪ ከታች ሁለት ጊዜ አጥፌ፣ ዱላውን ጀርባዬ ላይ በገመድ አስሬ ወጣሁ። መንደሩ ምን እንዳለ አልጽፈውም፤ የተናገሩት ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ የቀሩትም ልጆቻቸው ብስክሌት ይነዳሉ።

አንድ እግረኛ ጠባቂ በቀን አንዴ የሚዞረውን ደን እኔ ሦስቴ ዞርሁት። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት፣ አራስ ያለበት ቤት ሁሉ እኔንና ደምሴን ይለምን ጀመር። እኛ ደግሞ ጥበቃውን ብቻ ወደድን ብል ውሸት ነው። የወደድነው ቁልቁለቱን ነው። ከአፋፉ ጫፍ ስንለቀው ነፋሱ ዓይናችንን እያስነባ፣ የጽዱ ሽታ አፍንጫችን ውስጥ እየገባ፣ ፍሬኑ አልይዝ ሲል በፕላስቲክ ጫማችን ጎማውን እየረገጥን ከደኑ ሥር እስካለው ጠበል ድረስ እንወርድ ነበር። ታች ስንደርስ ኪሳችን ውስጥ የነበረው የገብስ ቆሎ ግማሹ መንገድ ላይ ፈስሷል። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ የሚያስደስት ግን አላየሁም።

ጥፋትም አጥፍተናል። መንገዳችንን ቀጥ አድርገን ቁልቁል ነበር የጠረግነው። ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ ያንኑ ይዞ ወረደና ጉልበት የሚደርስ ቦይ ቆፈረ። አለቃ ዘነበ ቦዩን አይተው አልተቆጡም። እኔንና ደምሴን አንድ የገብስ ማሳ ላይ ወስደው፣ ገበሬው ውኃው እንዲሸሽ አግድም ያወጣውን ፈሰስ አሳዩን። «ውኃም እንደናንተ ነው፣ ቁልቁል ካገኘ አይቆምም» አሉን። ሳምንቱን በዶማ ስንቆፍር ሰነበትን፤ መንገዱን እያጠማዘዝን፣ በየመታጠፊያው ፈሰስ እያወጣን አዲስ ሠራነው፣ የፊተኛውንም ቦይ በድንጋይ ደፈንነው። በሚቀጥለው ክረምት አንድ ስንዝር አፈር አልሄደም።

ወረቀቱ የተለጠፈው ከዚያ ወዲህ፣ የካቲት ላይ ነው። ሦስት ወገን ደኑን ይፈልገው ነበር። ግብርና ጽሕፈት ቤቱ በባለሙያ ይያዝ አለ። ቀበሌው በእኔ ሥር ይሁን አለ። ከሌላ አካባቢ የመጣ አንድ ማኅበር ደግሞ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ወራጅና ማገር እየቆረጥሁ ልሽጥ አለ። እነሱ እስኪስማሙ ድረስ ማንም አይግባ ተባለ። ብስክሌቱ ለብቻው የተጠቀሰው ያ የደፈንነው ቦይ ወረዳ ድረስ ስለ ተወራ ነው፤ ከደፈንነው በኋላ ያየው አልነበረም።

ወረቀቱ በተለጠፈ ዕለት ጠዋት ዱላው እኛ ደጅ ቆሞ ነበር።

በሶዬን ቋጥሬ ልወጣ ስል ደምሴ እያለከለከ መጥቶ ወረቀቱን ነገረን። የመንደሩ ሰው በሙሉ እሺ ብሎ ተቀመጠ። ማኅተም ያለበት ነገር ያስፈራል፤ ዘመኑም ገና አልለየለትም ነበር። አለቃ ዘነበ ሳይቀሩ እስኪወሰን እንታገሥ አሉ። ዱላው ግን ጠብቆ ያልዋለ ሰው ወደ ቀጣዩ ቤት አያሳልፈውምና እዚያው ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ሳምንት። ዶሮዎቹ ለመዱት። እናቴ በወጣች በገባች ቁጥር ታየዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ ከላይ የመጥረቢያ ድምፅ መጣ። አንድ መጥረቢያ አይደለም። እናቴ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ብላ ጥቂት አዳመጠችና፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዱላውን አንሥታ ሰጠችኝ።

«ደጃችን ነው የቆመው» አለችኝ። «ሂጂ።»

ፈርቼ ነበር። ግን ከፍርሃቱ ይልቅ አባቴ በተሰነጠቀ እጁ የተከለውን ሰው ሲቆርጠው ቁጭ ብዬ ማዳመጡ ባሰኝ። ብስክሌቱን ይዤ ወጣሁ፤ ደምሴም ተከተለኝ። ላይ ስንደርስ አዲስ ጉቶ በአዲስ ጉቶ ነው፤ ሙጫው ገና ይንጠባጠባል። ሁለት ሰዎች አህዮች ላይ ግንድ እየጫኑ ነበር። ምን ታደርጋላችሁ ብላቸው፣ ባለቤት የለውም ተብለን ነው አሉኝ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። ዱላውን አሳየኋቸው። አንደኛው ወጉን ያውቃል መሰለኝ፣ ዓይኑን ሰበረ። የቆረጡትን ይዘው ወረዱ፤ ሌላ ግን አልቆረጡም። እኔና ደምሴ እስኪመሽ ዞርን። ስንወርድ የቀበሌው ታጣቂ መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘኝና ብስክሌቱን ነጠቀኝ። ባለ አህዮቹ በአጠገቡ ማለፋቸውን ስነግረው፣ እኔ የታዘዝሁት ብስክሌት እንድይዝ ነው አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ፣ የቀበሌው ሊቀመንበርና የማኅበሩ ሰው ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረዋል፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ደኑ ለማን ይገባል በሚለው ላይ ፀሐዩ አናታችንን እስኪበሳው ተከራከሩ። መግባባት ሲያቅታቸው፣ ቢያንስ በአንድ ነገር ለመስማማት ይመስለኛል፣ እኔን አስነሡኝ። ኃላፊው ወረቀቱን አንብቤ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አንብቤያለሁ አልሁ።

«ታዲያ በማን ፈቃድ ገባሽ?»

«ተራችን ነበር» አልሁት።

ተራ የሚባለው ነገር ለጊዜው ቀርቷል አለኝ። ወደፊት ሄጄ ዱላውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከጸሐፊው መዝገብ ጎን አስቀመጥሁት።

«እንግዲያው ተቀበሉን» አልሁ። «ነገ ከእናንተ አንዳችሁ ዋሉ። ከነገ ወዲያ ሌላው ይዋል። ማን እንደሚያስተዳድረው ያን ጊዜ እናውቃለን።»

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። ኃላፊው ሊቀመንበሩን አየ፣ ሊቀመንበሩ የማኅበሩን ሰው አየ፣ የማኅበሩ ሰው ጫማውን። ዱላውን የነካው አልነበረም። በመጨረሻ አለቃ ዘነበ ከድንጋዩ ላይ ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በዝግታ ወደ ጠረጴዛው መጡ።

«እኔም ወረቀት ፈርቼ ቤቴ ተቀምጫለሁ» አሉ። «ይህች ልጅ ግን ውላለች። የነገው ተራ የእኔ ነው።» ዱላውን አነሡት።

ከኋላ ጋሽ ይርጋ ከእሳቸው ቀጥሎ እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። ኃላፊው ጥቂት አዳመጠና ስብሰባውን ዘጋው። ቃለ ጉባኤው ላይ ጉዳዩ ወደፊት ይወሰናል ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱን ማንም አላነሣውም፤ ክረምቱ ራሱ አርሶ ጣለው። ብስክሌቱን ከብዙ ምልልስ በኋላ መልሰውልናል፣ የፊት ጎማው ተጣምሞ። ማን እንዳጣመመው አልተነገረንም። በሣሩ መክፈቻ ቀን እናቴ ማጭዷን ይዛ ከወንዶቹ እኩል ቆመች፤ በዚያ ክረምት ቤታችን አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ፎቶው ነው። ባቄላውን ትቼ ለትዕግሥት ደወልሁላት። ከጓደኞቿ ጋር ያን እኛ የሠራነውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚነዱት በጥሩ ብስክሌት ነው፤ ፍሬናቸውም ይይዛል። አሁን ደግሞ ደኑ ለእንጨት ነጋዴ ነው ወይስ ለቱሪስት፣ ለማን እንደሚሰጥ ያልተወራ ነገር የለም አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ወረቀቱን አይቶ ተቀምጧል።

«ዱላውስ?» አልኋት።

«እትዬ ስመኝ፣ እሱን ልነግርሽ ነበር። የአያቴ ደጅ ላይ ነው ያለው። ቤቱ ዝግ ስለሆነ ወደ ጎረቤት ላሻግረው ብዬ ነበር።»

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሊሆናት ነው። ተራዋን ግን ማንም አልሰረዘውም፤ እስካሁን ጎረቤቶቿ ሲውሉላት ኖረዋል። ስንት ዘመን ሙሉ አንድም ባለሥልጣን የእኔ ነው ብሎ ያልዋለበት ደን ዛሬም ቆሞ የሚገኘው በዚህ ነው፤ በማኅተም አይደለም። እኔም ሰዎቹ ይሾሙ አይሾሙ አልተጣላኋቸውም። ውለው ይምጡ እንጂ ዱላውን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ዱላውን እንዳትነካው ነገርኋት፤ ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። በዚያ ጉልበትሽ ነው ወይ አለችኝ። ቁልቁለቱን አንቺ ትነጃለሽ፣ ዳገቱን እኔ በእግሬ እወጣዋለሁ አልኋት። ወረቀቱንም እንዳትቀድደው አልሁ። ብቻ ከሥሩ የእናቴን ቤት አድራሻ ጻፊበት፤ የሚያስተዳድረው አካል የመጣ ዕለት ዱላውን ከየት እንደሚቀበል ይወቅ።