የሚነዝረው ምሰሶ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከድሮዎቹ የሲሚንቶ የመንገድ መብራት ምሰሶዎች የተረፉት ጥቂት ናቸው። አንዱ ከቤታችን ዝቅ ብሎ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቆሟል። ሲሚንቶው ተፈርፍሮ ውስጡ ያለው ብረት ወጥቷል። አናቱ ላይ ያለው ፋኖስ ግማሽ መስታወቱ የለም፤ እርግብ ጎጆ ሠርታበታለች። መብራት እስካለ ድረስ ግን ቀንም ማታም ይበራል፤ የሚያጠፋው ሰው የለም።

መንገዱ ሲሰፋ የቤተ ክርስቲያኑ በር ወደ ውስጥ ገባ። ምሰሶው ብቻ የድሮው በር በነበረበት ቀረ። አሮጊቶቹ ታዲያ መሳለሚያቸውን አልቀየሩም፤ "ደጁ ይሄ ነበር" እያሉ ሲሚንቶውን ዳስሰው፣ ስመው ያልፋሉ። እናቴም ከእነሱ አንዷ ናት። "አምፖሉን ተሳልመሽ መጣሽ?" እያልኩ እቀልድባት ነበር።

ዘንድሮ ሐምሌ፣ አንድ ጠዋት፣ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ፊቷ ግን ፈክቶ ተመለሰች።

"ልጄ፣ ዛሬስ በረከት አገኘሁ። ስሳለም እጄን ንዝር አደረገኝ፤ እስከ ክንዴ!"

ሽቦው ተልጦ ከረጠበው ብረት ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው።

"እማ፣ ኤሌክትሪክ ነው! ይገድልሻል!"

"አትዳፈር" አለችና ጓዳ ገባች።

ለመብራት ሠራተኞች ነገርኩ፤ "እንመጣለን" አሉ። የመጣ የለም። ምሰሶውን ዙሪያውን በእሾህ አጠርኩት፤ በማግስቱ እሾሁን ሰው ለማገዶ ወስዶታል። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። "ፈሪ ለእናቱ" ሲሉኝ እስቅ ነበር፤ አሁን ግን ፍርሃቴ ለእናቴም አልጠቀመ። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ያማርራል፣ እኔ እፎይ እላለሁ። "መጣ!" ብለው ልጆች ሲጮኹ ልቤ ስንጥቅ ይላል።

አንድ ቀን መብራት እንደጠፋ ነጋ። እናቴ ስትወጣ እያየሁ ዝም አልኳት፣ ዛሬስ ሰላም ነው ብዬ። ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ ከጎረቤት "መጣ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ፋኖሱ በርቷል። እናቴ ከሥሩ ቆማለች፤ በግራ እጇ ቀኝ እጇን ደግፋ ወደ ብረቱ እያስጠጋች ነው። ነጠላዋን ከኋላ ይዤ ሳብኳት። ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን።

የምትረግመኝ መስሎኝ ነበር። ጭቃው ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አስተካክላ አኖረችው። አምና ደም ብዛት ከጣላት ወዲህ ያ እጅ በድን ነው፤ እሳት ቢነካው እንኳ አያውቅም።

"የመብራት መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለህ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "ጸበል አስነከርኩት፣ አንተም ሐኪም ቤት ወሰድከው። ይህ እጅ እጄ መሆኑን ያወቅሁት እዚህ ብቻ ነው።"

እስከዚያ ድረስ የፈራሁት አለማወቋን ነበር። ደግፌ አነሣኋትና ወደ ቤት ወሰድኳት፤ በመንገዳችን ሁሉ አንገቷን እያዞረች ወደ ኋላ ታያለች።

ምሰሶው እስካሁን አልተጠገነም። ይህን ስጽፍ ውጭው ዝናብ ነው፤ መብራትም አለ። እሷ ከጓዳ "ነጠላዬን የት ደበቅኸው?" እያለች ትጣራለች።