ቡሬ ታሞቃችኋለች

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ አንኮበር በመምህርነት በተመደብኩበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ሰሞኑን ልጄ አንድ ነገር ብትጠይቀኝ ትዝ አለኝና ልጽፈው ተነሣሁ።

እኔም ባለቤቴ ሰናይትም ያደግነው ድሬዳዋ ነው። ብርድን የምናውቀው በወሬ ነበር። ሰናይት ደግሞ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ስለዚህ የሚከራይ ቤት ስፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሙቀቱ ነበር።

እትዬ በለጡ የሚባሉ ባልቴት የሣር ቤታቸውን ከደጅ ሆነው ሲያሳዩኝ፣ "ማሞቂያ አለው?" አልኳቸው።

"እንዴታ! ቡሬና ዳለቻ አሉ አይደል? ቡሬ ብቻዋን ታሞቃችኋለች።"

እሳት የሚያነዱ ሠራተኞች መስለውኝ ደስ አለኝ። "ስንት ሰዓት ይመጣሉ?"

"ሲመሽ ነዋ፣ ከግጦሽ ሲመለሱ!"

ለካ ላሞች ናቸው! ከመኝታው የሚለያቸው የእንጨት ርብራብ ብቻ ነው። የተማረ ሰው ከላም ጋር አያድርም ብዬ ኮራሁና የቆርቆሮ ቤት መረጥኩ። ለማሞቂያ የከሰል ምድጃ ገዛሁ።

ሰናይት ሴት ልጅ በወለደች በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጉም ቤቱን ዋጠው። ከሰሉን ሳስገባው እናቲቱን ራሷን አዞራት። ሳወጣው የሕፃኗ እጅ ቀዘቀዘ፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ጡት መሳብም ተወች። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። አለቀስኩ።

እትዬ በለጡ አራስ ሊጠይቁ ገንፎ ይዘው የደረሱት ያኔ ነው። ሕፃኗን ዳሰስ አድርገው፣ ከልብሳቸው ሥር አስገብተው ደረታቸው ላይ ለጠፏት።

"ተነሽ ልጄ። አንተም ያን የሱፍ ባና ያዝ።"

ተከትለናቸው ወደ ሣር ቤታቸው ሄድን።

ያን ዕለት ቡሬን ለግጦሽ አላወጧትም። ርብራቡ ሥር መደብ ላይ አስተኙን። ቡሬ እያመሰኳች በተነፈሰች ቁጥር ሙቀቷ ይደርሰናል። ሽታዋም እንደዚያው! ቀትር ላይ ልጄ ጡት ስትስብ ሰማሁ።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"እኔን ምን አድርገኸኝ? ቡሬን ይቅርታ ጠይቃት" አሉኝ እየሳቁ።

ጨው በእጄ ይዤ አላስኳት። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ኖርን።

ያቺ ሕፃን ዛሬ የልጆች እናት ናት። ሰሞኑን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም መሣሪያ ለቤቷ ልትገዛ ሁለት ዓይነት አማርጣ ደወለችልኝ። "አባዬ፣ የቱ ይሻላል?"

"የትኛው ያመሰኳል?" አልኳት።

እሷ ሳቀች። እኔ ግን ያን ጊዜ በመኩራቴ ዛሬም አፍራለሁ፤ የልጄን ሳቅ በሰማሁ ቁጥርም እትዬ በለጡንና ቡሬን አመሰግናለሁ።