ሚስቴ የውሃ አባት የሆነችበት ክረምት

የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝ። የሴቶችን እኩልነት በየዓመቱ፣ ያውም ለሦስት ሳምንት ያህል፣ አንድም ቀን ሳላጓድል አስተምራለሁ። ጥያቄ አወጣለሁ፣ አርማለሁ፤ "እውነት" ማለት ሲገባው "ሐሰት" ብሎ የመለሰ ተማሪ ካለ ያለ ርኅራኄ እቀንስበታለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ሰውዬ፣ ሚስቴ በውሃ አባትነት ያሸነፈችኝ ዕለት ቤቴ ገብቼ ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። አላመመኝም ነበር።

"ያሸነፈችኝ" ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። አብሬያት የተወዳደርኩት እኔው ነኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። መንደራችን ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለ ሜዳ ላይ ነው። የሜዳው ዝናብ ማሽላ አያደርስም። የምንኖረው ሌላ ሰው አገር ላይ በሚዘንበው ዝናብ ነው፤ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ በደረቁ ወንዝ ሲወርድ፣ በእሾህ፣ በድንጋይና በአሸዋ በሠራነው ክትር ጠልፈን በቦይ ወደየማሳችን እንመራዋለን። ጎርፉ በክረምት የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሲመጣም የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። በዚያች ጥቂት ሰዓት ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ፣ ማን እንደሚከተል፣ ማን መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ሰው የውሃ አባት ይባላል። መንግሥት ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ የወረዳ ሹም ሲመጣም ሲሄድም አይቻለሁ። በእኛ ቦይ ላይ ግን ከውሃ አባት የበለጠ ሥልጣን ያለው ሰው አላየሁም። ሹም ቢቆጣህ ቢሮው አትሄድም፤ የውሃ አባት "ዝጋ" ካለህ ግን የተዘጋው የዓመት ቀለብህ ነው።

ከጥንት የመጡ ሁለት ሕጎች አሉን። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ክትሩን ስለሚያፈርሰው፣ ክረምት ሳይገባ ቀን ተቆርጦ ከየቤቱ አንድ አካፋ ይወጣል። አካፋ ያልወጣበት ቤት ተራው ከሁሉም ኋላ ይሆናል። የውሃ አባት ቆሞ ያሠራል እንጂ አይቆፍርም፤ ከቤቱ ግን እንደማንኛውም ቤት አንድ አካፋ መውጣት አለበት። ሁለተኛው ሕግ ተጽፎም ተነግሮም አያውቅም፤ ሴት በውሃ ጉዳይ አትገባም።

ከክፉዎቹ ዓመታት በኋላ የድሮው ኮሚቴ ተበትኖ፣ የውሃ አባታችንም አርጅተው "በቃኝ" ብለው ነበር። ከወረዳ አንዲት ወጣት ባለሙያ በባጃጅ መጣች። ክንዷ ሥር አዲስ መተዳደሪያ ደንብ ይዛለች። ግራሩ ሥር ሰብስባን አነበበችልን። ከእንግዲህ የውሃ አባት የሚመረጠው ሽማግሌዎች ተንሾካሹከው ሳይሆን በምስጢር ድምፅ ነው፤ በመሬት ደብተሩ ላይ ፎቶው የተለጠፈ ሁሉ ይመርጣል፤ ከዕጩዎቹም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። የመሬት ደብተራችን ላይ ደግሞ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተለጥፈናል። ያን ፎቶ ስንነሳ አንድ ቀን ድምፅ ይሰጣል ብሎ ያሰበ ወንድ አልነበረም፤ ብናስብማ ኖሮ ፎቶ አንሺው በሰላም ባልተመለሰ።

ቦያችን ላይ፣ ከቦዩ ወዲህና ወዲያ ማሳ ያለን፣ የላይ ቦይና የታች ቦይ የምንባል ሁለት ቡድን ነን። የታች ቦይ ዕጩ እኔ ነበርኩ። ለወራት ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ለቅሶ አልቀረሁ፣ ሠርግ አልቀረሁ፣ የማልወደውን ሰው ሳይቀር ጉንጩን ስሜያለሁ። የላይ ቦይ ዕጩ አንድ ቁመተ ረጅም ገበሬ ነው፤ አካፋ እንኳ የሚሸከመው ሰው እንዲያየው ነው። በድንበር ተጣልተን ከእሱ ጋር ከተነጋገርን ሰነባብቷል።

"ሴት ዕጩስ?" አለች ባለሙያዋ። ያ ባላንጣዬ ብድግ አለና፣

"የመምህሩ ሚስት ትግባ እንጂ!" አለ።

የታች ቦይን ድምፅ እንድትከፍልብኝ ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም በሆዴ ደስ አለኝ። ማን ሊመርጣት ነው? የእሷን ድምፅ እንደሆነ ለእኔ ትሰጣለች፤ ደንቡም ተከበረ፣ ባለሙያዋም በሰላም ሄደች። ስለዚህ ፈጥኜ ደገፍኩ። በዓመታት ውስጥ ከዚያ ሰው ጋር የተስማማሁት በዚህ ብቻ ነው። አብረን አጨበጨብን።

ሦስታችንን ጀርባችንን ለሕዝቡ ሰጥተን አስቀመጡንና ከኋላችን ሦስት ጣሳ ተደረደረ። መራጩ አንዳንድ የበቆሎ ፍሬ በጭብጡ ይዞ በኋላችን ያልፋል፤ ለፈለገው ይጥላል። እኔ በጆሮዬ መቁጠር ጀመርኩ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ኧረ ተባረኩ እላለሁ በልቤ፤ ፈገግታዬን መያዝ አቃተኝ። ለካስ ቋ የሚለው ከጎኔ ኖሯል።

ሲቆጠር የእኔ ጣሳ አሥራ አንድ ፍሬ ነበረበት፤ አንዱ የራሴ ነው። የባላንጣዬ አሥራ አራት። የእሷን ባለሙያዋ በእጇ መቁጠር ቢደክማት ቁርበት ላይ ዘርግፋ በሁለት ሰው አስቆጠረችው። አንድ ሙስሊም ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። "ያረቢ፣ ውሃውን አብዛላት፣ ልቧን አስፋላት" አሉ። ሕዝቡ "አሚን!" አለ። እኔም አልኩ፤ ከሁሉም ኋላ።

ለምን እሷን እንደመረጡ ለመረዳት ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ ነገሩ ግን ዓይኔ ሥር ነበር። አባቷ በዘመናቸው የውሃ አባት ነበሩ፤ ጎርፉ ሲወርድ ቀለሙን አይታ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የምትናገር ሴት ናት። ከዚያም በላይ፣ ቦኖው ላይ የጄሪካን ወረፋ ስታስከብር ዓመታት አልፈዋል። ማንም አልሾማትም። ሴቶቹ ሲጣሉ ዞር ብለው የሚያዩት እሷን ነው፤ እሷ "ያችኛዋ ትቅዳ" ካለች ያችኛዋ ትቀዳለች። እኛ ወንዶቹ ይህንን ወሬ እንጂ ሥልጣን ብለን ቆጥረነው አናውቅም።

ኩርፊያዬ ቶሎ አልወጣልኝም። የክትር ሥራው ቀን ሲደርስ አካፋ ይዤ ሚስቴ ፊት መቆም ሞት መሰለኝ። ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? እንደ ቢሮ ሰው ደብዳቤ ጻፍኩ። በትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ፣ "ጉዳዩ፦ በሥራ መደራረብ ምክንያት መገኘት አለመቻሌን ስለማሳወቅ" ብዬ፣ ፈርሜ፣ ማህተም አስመትቼ፣ ግልባጭ ለራሴ አስቀርቼ፣ በጎረቤት ላክሁላት። ለክትር ሥራ በማህተም ፈቃድ የጠየቀ ሰው በአካባቢያችን ከእኔ በፊት አልነበረም።

ጎረቤቴ ኋላ እየሳቀ ነገረኝ። ክትሩ ላይ ቆማ ደብዳቤውን ለሰው ሁሉ ድምፅ አውጥታ አነበበችው። ከዚያ አጠፈችና፣ "ደብዳቤው ደርሷል፤ አካፋው ግን አልደረሰም" ብላ ስሜን ከቀሩት ዝርዝር ጻፈችው። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ሌላው ያ ባላንጣዬ ነው፤ እሱ ደብዳቤ እንኳ አልላከም፣ አኩርፎ ቆቦ ገበያ ሄዷል።

ማታ ራት ላይ ተነሳሁባት።

"እኔ እኮ ባልሽ ነኝ!"

"እዚህ ባሌ ነህ፤ እዚያ አንድ አካፋ ነህ" አለችኝ። "ወጡ ጨው አንሶታል እንዴ?"

ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሷ ቦይ ለቦይ ስትዞር የምትውልበት ቀን ስለበዛ ሽሮ መሥራት ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያው አረረ፤ ሁለተኛው ተጓጎለ፤ ሦስተኛውን ጎረቤቶቻችን ሊያዩ መጡ። እንደዚያ የሳቅንበት ሳምንት ትዝ አይለኝም፤ ኩርፊያዬም ከድስቱ ጋር አብሮ ታጠበ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆመ። ማሽላችን ሊያሽት ሲል ቅጠሉ ተጠቀለለ። ጅጉርቲ የሚሉትን የማሽላ ዘር ነው የዘራነው፤ ድርቅ ይችላል ይባላል፣ ግን የሚችለውም ልክ አለው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ደጋው በደመና ጠቆረ። ብዙም ሳይቆይ ከወንዙ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ጎርፍ! አካፋዬን ይዤ በረርኩ።

ክትሩ ላይ ስደርስ እሷ ቆማለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ አንገቷ ላይ የትምህርት ቤት የሰልፍ ፊሽካዬ ተንጠልጥሏል። መቼ እንደወሰደችው እንጃ። ፊሽካውን ስትነፋ የመጀመሪያው ማሳ ይከፈታል፤ ስትነፋ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ይከፈታል። የእኛ ማሳ በቦታ ሦስተኛ ነው። ውሃው እዚያ ሲደርስ ሰው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ቆመ።

"ኧረ እቴ፣ የራስሽ ማሳ ነው፤ ለዛሬ ይጠጣ" አሉ ከላይ ቦይ ያሉት። "ማን ያማሻል ብለሽ ነው?"

የሚያስቡትን አውቄዋለሁ፤ እኔም በቦታቸው ብሆን የማስበው እሱኑ ነበር። ዛሬ ለባሏ ከከፈተች ነገ ሁሉም የየራሱን ቦይ ይቀዳል፤ ፊሽካዋም መጫወቻ ይሆናል። ካልከፈተች ደግሞ ማሽላችን ይደርቃል። ሁለቱንም አውቄ፣ ላፍርበት የሚገባኝን ነገር ተመኘሁ፤ ትክፈትልኝ አልኩ በልቤ።

አየችኝ። ብዙ አይደለም፣ ለአፍታ ነው። ከዚያ ፊሽካዋን ነፋች።

"ቀጥሉ! ወደ ታች!"

ውሃው በደረቀው ማሳችን አጠገብ አለፈ፤ ፍንጣሪው እግሬን ነካኝ። ተናደድኩ። የሚጻፍ ያልሆነ ቃልም ተናገርኩ፤ ጩኸቱ ውስጥ ስለጠፋ ደስ ይለኛል። በታች በኩል ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ማሳ ውስጥ ውሃው ሲገባ እልልታዋ እኔ ድረስ ተሰማ። በባሏ ጊዜ እንኳ ውሃ የሚደርሳት ከሁሉ ኋላ ነበር። ቀስ እያለ ሌላ ነገር ታየኝ። በጎርፍ ቀን በእኛ ቦይ ስድብ ነው የሚሰማው፤ አካፋም ለአፈር ብቻ አይነሳም። ያን ቀን ግን ሰዉ ጉብታ ላይ ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል፣ እየተቀላለደ ይስቃል። ንዴቴ መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም፤ እኔም ስስቅ ራሴን አገኘሁት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጎርፉ ቀጠነ። የቀረነው ሁለት ስም ነን። እኔና ባላንጣዬ ከቦዩ ወዲህና ወዲያ አካፋችንን ይዘን ቆመናል፤ ተያይተን ዓይናችንን መለስን።

"የተረፈው ለሁለታችሁም እኩል ነው" አለች ሚስቴ። "መጀመሪያ አንተ" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

ከፈትኩ። ውሃው ሲገባ የተሰነጠቀው መሬት ሲጠጣ ይሰማል። በየመስመሩ እየሮጥኩ መራሁት፤ ጭቃው ጉልበቴ ደረሰ፤ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ማሳው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቀና ብዬ አየኋት፤ ፊሽካውን ወደ አፏ አላመጣችውም፤ ቦዩን እያየች ነው።

"ትንሽ ታገሽኝ" አልኳት። "እስከዚያች ጉብታ ድረስ ብቻ። አንዲት ናት የቀረችው።"

ማዶ ያ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አልተቃወመም፣ አልተሳደበም። ምንም እንደማይደርሰው እርግጠኛ ነበር፤ ባልና ሚስት ተነጋግረው እንደጨረሱት ነው የተሰማው። እኔ ብሆንም የምጠብቀው ይኸንኑ ነው። ሚስቴ ያልጠጣውን እኩሌታ አየች። ያንን ማሽላ የዘራችው እሷ ናት፤ ያረመችውም እሷ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል።

"ዝጋ" አለችኝ፤ ያለ ፊሽካ፣ በቀስታ።

አፈሩን በአካፋዬ ዝቄ አፉ ላይ ጣልኩ፤ ደገምኩ፤ በእግሬ ረገጥኩት። ውሃው ማሳዬን ትቶ ወደ ቦዩ ተመለሰ።

ሰውዬው ቀና አለ። እኔን አየ፣ እሷን አየ። በዕድሜው ቦይ ለመክፈት ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

"ልክፈት ወይ?" አላት።

"ክፈት" አለችው።

እኔ እኩሌታው ማሽላዬ እንደደረቀ ጭቃው ውስጥ ቆሜ፣ ያ ሰው ሚስቴን አስፈቅዶ የከፈተው ውሃ ወደ ማሳው ሲገባ እያየሁ፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ስቄ ስቄ አካፋዬ ከእጄ ወደቀ።