በረኪና የነካቸው ኖቶች

ዶኪያ ሃቭሪሊዩክ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ፣ ዙሪያውን ከስንዴ ማሳ በቀር ጎረቤት በሌለው ቤት ተወልዳ፣ አባቷን ኢልኮን አስታማ ቀብራ፣ እዚያው ብቻዋን ቀርታለች። ቤቱ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም፤ እኩሌታው የታናሽ ወንድሟ የሜትሮ ነው። ሜትሮ ሬጃይና ከተማ አሮጌ መኪና ሲሸጥ የኖረ፣ ሳቅ የማይለየው፣ ሳቁን ግን ማንም የማያምነው ሰው ነው። አባታቸው በሞተ በዓመቱ፣ «ወይ ድርሻዬን ግዢኝ፣ ወይ ይሸጥና እንካፈል» አላት። የምትገዛበት ገንዘብ የላትም። ቤቱ ከተሸጠ የሚጠብቃት በአረጋውያን ማረፊያ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ያቺን ክፍል ደግሞ ከመቃብር አብልጣ ትጠላታለች።

በዚያ መኸር የወጥ ቤቱን ግድግዳ አይጥ ገባው። ዶኪያ ሳንቃውን በመዶሻ ነቅላ ብታይ፣ ለብርድ መከላከያ በተሞላው ሰጋቱራ መሃል አንድ የዛገ የትንባሆ ቆርቆሮ ተቀብሯል። ውስጡ ስምንት ኖቶች ነበሩ። በሁሉም ላይ ንጉሡና ንግሥቲቱ ጎን ለጎን ታትመዋል፤ ዋጋቸውም ሃያ አምስት ዶላር ይላል። እንዲህ ያለ ኖት በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። አባቷ ባንክ የሚባል ነገር አያምንም ነበርና የእሱ መሆኑን ወዲያው አወቀች።

አይጥ ግን ቆርቆሮው በዝገት በተበሳበት ገብቶ ሸንቶባቸዋል። በዚያ አገር አይጥ የነካውን ነገር በረኪና ሳያፈስበት የሚነካ የለም፤ የሽንቱ ሽታ ሳንባ ገብቶ ሰው ይገድላል እየተባለ ነው ልጅ የሚያድገው። ዶኪያም ኖቶቹን በባልዲ ነከረቻቸው። ሲደርቁ ተጨማደዱ። ያን ጊዜ እናቷ ቴክላ ታደርግ እንደነበረው አደረገች፦ ስታርች ቀብታ በጋለ ካውያ ተኮሰቻቸው። ቴክላ ለሙሽሮች የተጨማደደ ገንዘብ መስጠት ነውር ነው ብላ የሰርግ ስጦታዋን ሁሉ ተኩሳ ነበር የምትሰጠው።

ሜትሮ ሳይጠራ ሲመጣ ኖቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ነበር።

«እነዚህ ከየት መጡ?»

«ከግድግዳው። የአባባ ናቸው።»

አንዱን አንስቶ በጣቱ መታው፤ ጠንካራ ነው፣ እጥፋት የለውም። ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ነካካ። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነው። ዶኪያ አየችው። ምን ያህል ያወጣሉ ብላ ብትጠይቀው እንደሚዋሻት ታውቃለች፤ ውሸቱን ሰምታ ያመነች መምሰሉ ደግሞ ከአቅሟ በላይ ሆነባት።

«ስሚ እትዬ» አለ፣ ያን የሱቁን ሳቅ እየሳቀ። «እኛ ምን ያጣላናል? እነዚህን ወረቀቶች ለእኔ ተዪልኝ፤ ቤቱን ሙሉ በሙሉ ውሰጂ።»

«ቸርነት ጀመርክ?»

«አባቴን ላስታውስባቸው ብዬ ነው።»

«አልጋ ላይ ሳለ ባስታወስከው ኖሮ።»

«ትፈርሚያለሽ አትፈርሚም?»

በማግስቱ ጠበቃ ዘንድ ሄደው ፈረሙ። እሷ የፈለገችው ቤቱን ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ሜትሮ በሩን በርግዶ ገባ። ጫማውን እንኳ አላወለቀም፤ ጭቃውን እየጎተተ ወጥ ቤቱ መሃል ቆመ።

«ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ምኖቹን?»

«አትጃጃይብኝ! የድሮ ገንዘብ የሚገዛው ሰውዬ መብራት ላይ አንድ ጊዜ አያቸውና ሳቀብኝ። እነዚህን ማን አጠባቸው አለኝ! ቀለማቸው ለቋል፣ በጣት ይዳሰስ የነበረው ህትመታቸው ተዳምጧል፤ ሰብሳቢ ያረጀ ኖት ይገዛል እንጂ የታጠበ አይፈልግም አለኝ። በአጉሊ መነጽር ካውያው ያረፈበትን ሳይቀር አሳየኝ። የነካቸው ሰው ባይኖር እያንዳንዳቸው አንዳንድ መኪና ያወጡ ነበር! አሁን የስምንቱ ዋጋ ተደምሮ ጎማ አይገዛም!»

«አይጥ ሸንቶባቸው ነበር። በረኪና ነከርኳቸው፤ ከዚያ ተኮስኳቸው።»

«ተኮስኳቸው ትለኛለች! እያወቅሽ ነው ያታለልሽኝ!»

«እማማ ለሰርግህም ተኩሳ ነው የሰጠችህ። ያኔ አላማረርክም።»

«ውሉ ይፈርሳል!»

«ስልክህን ስትሸፍንብኝ ያየሁህ አልመሰለህም። ዋጋቸውን ብትነግረኝ ኖሮ እኔም ስለ በረኪናው እነግርህ ነበር።»

ይህን ያለችው እውነት ይሁን አይሁን ራሷም አላወቀችም። በረኪና የኖትን ዋጋ እንደሚገድል የሰማችው አሁን ገና ነው፤ ስለዚህ አላታለለችም። ነገር ግን ሰውየው ሳቀብኝ ሲላት ሆዷ ውስጥ የተነሳው ደስታ ከአታላይ ደስታ በምን እንደሚለይ ፈልጋ አጣችው። ሰው ሳያጠፋ በጥፋት ፍሬ ሲደሰት ንጹሕ ነው ይባላል? ሜትሮ ቢለምናት ምናልባት ታዝንለት ይሆናል። እሱ ግን ሲወጣ፣ «ይቺ ቤት በላይሽ ትውደቅብሽ» አላት።

«ብትወድቅም የራሴ ናት» አለች።

ቅዳሜ ዕለት የጭነት መኪና ይዞ ተመለሰ። ውሉ ስለ ቤቱ ነው እንጂ ስለ ዕቃው አይደለም አለ፤ ልክም ነበር። የምግብ ጠረጴዛውን ከነወንበሮቹ፣ የአባታቸውን አልጋ፣ የግድግዳውን ሰዓት ጫነ። ዶኪያ አልከለከለችውም። እንዲያውም ጠረጴዛው በሩ ላይ ሲሰነቀር መዝጊያውን ይዛ ከፈተችለት። አመሰግናለሁ አላላትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

መኪናው ከመንገዱ ሲጠፋ የቀይ ሥር ሾርባዋን አሞቀች። የምታስቀምጥበት ስላልነበራት ሳህኑን በእጇ ይዛ፣ መስኮቱ ሥር ቆማ በላች።